ካንገት በላይ

ከፒያሳ ቁልቁል፣ ሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ይመጣል፤
ሸሚዙን ተኩሶ፣ መክብብ፣ ካንገት በላይ ያምራል።
«ሲስተርዬ፣ ዛሬማ አበባ መስለሻል» ይላል፤
የዘበኛውን ልጅ የፈተና ውጤት ይጠይቃል፣
የጽዳቷን ወገብ «ተሻለሽ ወይ?» ይላል፤
ሲወጣ
ከጠረጴዛዬ አንድ እስክሪብቶ ይጎድላል።

ፋይሉ እንደ ክስ መዝገብ ወፍሯል፤
ማስቲሽ፣ ጫት፣ አረቄ፣ ኋላ ደግሞ ክኒን፤
ሁለት ጊዜ ወህኒ፤
ስሟ የተሰረዘ አንዲት ሚስት፤
አንድ የተፈነከተ የታክሲ ረዳት።
ከግርጌው በሐኪም ጥድፊያ ረጅም የሕመም ስም፤
በሰፈር ቋንቋ
«ሐፍረት ያልፈጠረበት» ማለት።

የተወለደው እሪ በከንቱ ነው።
ሰፈሩ ፈርሷል፤ ስሙ ግን ሰው ላይ ይቀራል።
በልጅነቱ እሪ ያለ ይመስለኛል፤
ማን እንደሰማው ፋይሉ አይናገርም።

መጀመሪያ ልቡን ፈለግሁ።
እናትህን አስብ አልኩት፤ አለቀሰ፤
እኔም በነጭ ጋዋኔ እጅጌ ዓይኔን አበስኩ።
ማታውን በሰጠሁት የታክሲ ብር ጠጥቶ
ደጎል አደባባይ ሲስቅ አየሁት።
የተቀየምኩት እሱን አልነበረም፤
እንባዬን ነው።

እኛ ጋ ምክር ማለት ማሳፈር ነው፤
ሽማግሌ ይቀመጣል፣ ድንጋይ ይሸከሙበታል።
መክብብ ግን ጆሮ የሌለው ድስት ነው፤
በትኩሱ ላንሳው ያለ ይቃጠላል።

ስለዚህ ልቡን ተውኩት።
ልብ ያሰበውን፣ ኩላሊት ያጤሰውን
ሁለቱንም የሚያውቅ ላይ አለ፤
ለኔ ግማሹ ይበቃኛል።
ኩላሊቱን በብልቃጥ እጠይቃለሁ፣ ሰኞና ሐሙስ፤
ንጹሕ ከሆነ ካርዱ ላይ ማኅተም፤
አምስት ማኅተም የሞባይል ካርድ፣ አሥር ማኅተም ጫማ፤
ካልሆነ ምንም።
ስድብ የለም፤ «እኔ ላንተ ብዬ» የለም።
ሁሉም እዚያው በዚያው፤
ነገ የሚሉት ነገር ለሱ ወሬ ነውና።

«ይሄማ ጉቦ ነው» አሉኝ የመድኃኒት ቤቱ አቶ ዝናቡ፣
«ሲሰርቅ ለኖረ ሰው ሽልማት!»
ይሁን፣ ጉቦ ነው አልኳቸው።
በዚህ ከተማ በጉቦ ስንቱ ሲሠራ፣
አንድ ጉበት ቢተርፍበት?

እህቱ ትርሲት አንድ ቀን መጣች። አላለቀሰችም።
«ቁልፍ ቀይሬያለሁ፣ የልጆቼን ቦርሳ ደብቄያለሁ፣
በደል ነው ይሉኛል» አለች።
በደል አይደለም፤ አትመልሺው አልኳት።
ደረጃው ላይ ደርሳ ዞር አለች፦
«ግን ይወደናል?»
ለሱ መመርመሪያ የለኝም አልኳት።

ለአሥረኛው ማኅተም ብልቃጡ ቀዝቅዞ መጣ።
ከደጅ ከሊስትሮው ልጅ በሃምሳ ብር ገዝቶት ኖሯል።
ከጎኑ ያለችው መለኪያ ሃያ አንድ ትላለች፤ አሳየሁት።
ጩኸቴን ጠበቀ፤
ለጩኸቴ ያዘጋጀው መልስ
አፉ ውስጥ ሥራ ፈቶ ሲንከራተት አየሁ።
«አትቆጪም?»
«ሐሙስ፣ ሦስት ሰዓት» አልኩት፤
ካርዱን እንዳለ መለስኩለት።

ሐሙስ ዘነበ። ቸርችል ጎዳና ውኃ ተሸክሞ ወረደ።
ሦስት ሰዓት አለፈ፤ ሩብ ሆነ።
መሳቢያዬን ቆልፌ፣ በሩን ከፍቼ ተቀመጥኩ፤
ሥራዬ ይኸው ነው፤ ሁለቱንም፣ ባንድ ጊዜ።

በስብሶ ገባ። ሸሚዙ አልተተኮሰም፤
አበባ መስለሻል አላለኝም።
«ጫማው ቁጥር አርባ ሁለት ይሁን» አለ ብቻ።
ብልቃጡን በጓንት ተቀበልኩት፦
ሠላሳ አምስት ተኩል።

ስለ ነፍሱ አላውቅም።
ሙቀቱ ግን የራሱ ነበር።